ሞተሩ ይዞራል፣ መኪናው ግን አይነሳም

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ እትም የምንመልሳቸው ጥያቄዎች ሁሉም የመጡት ለረጅም ጊዜ የቆመ አሮጌ መኪና ገዝተው ወይም ከቤተሰብ ወርሰው በገዛ እጃቸው ለማደስ ከተነሱ አንባቢያን ነው፤ አብዛኞቹም ኮፈን ከፍተው ካቻቢቴ ሲጨብጡ የመጀመሪያ ጊዜያቸው መሆኑን ጽፈውልናል። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከወሰነ ወዲህ፣ ግቢ ውስጥ በሸራ ተሸፍኖ የቆመውን መኪና አስነስቶ መገልገል ከትርፍ ጊዜ ማሳለፊያነት ያለፈ ቁም ነገር ሆኗል ብዬ አምናለሁ። ስለዚህ የመጀመሪያውን ጥያቄ በሰፊው ለመመለስ እሞክራለሁ።

ጥያቄ፦ እ.ኤ.አ. የ1972 ሞዴል የሆነ 1300 ቮልስዋገን ከአጎቴ ወረስኩ። መኪናው ሳሪስ በሚገኘው የቤተሰብ ግቢ ከ6 ዓመት በላይ ቆሟል። አዲስ ባትሪ ገጠምኩ፣ አራቱንም ካንዴላ ቀየርኩ፣ ዘይት ለወጥኩ፣ በነበረው ነዳጅ ላይም 10 ሊትር ቤንዚን ጨመርኩበት። ሞተሪኖው ሞተሩን በደንብ ያዞረዋል፤ ነገር ግን አይነሳም። አንድ መካኒክ በካርቡሬተሩ አፍ ጥቂት ቤንዚን ሲያፈስበት ለ3 ወይም ለ4 ሰከንድ ይነሳና ይጠፋል። አሁን መካኒኩ ኮይልና ካርቡሬተር እንድገዛ ነግሮኛል። ልግዛ? (አንባቢ፣ ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ አይግዙ፤ ቢያንስ ለአሁኑ። መካኒኩ ያፈሰሰው ቤንዚን ለጥያቄዎ ግማሽ መልስ ሰጥቶዎታል። አንድ የቤንዚን ሞተር እንዲነሳ በትክክለኛው ጊዜ የሚመጣ የእሳት ብልጭታ፣ በሲሊንደሩ ውስጥ በቂ እምቅታ (ፒስተኑ ድብልቁን የሚጨምቅበት ኃይል)፣ እንዲሁም ካርቡሬተሩ ከአየር ጋር በልኩ የደባለቀው ነዳጅ ያስፈልገዋል። ሞተሩ በእጅ የፈሰሰለትን ቤንዚን አግኝቶ ለ3 ሰከንድ ከሠራ፣ ኮይሉ (የባትሪውን ኃይል ለብልጭታ የሚያሳድገው)፣ በዲስትሪቢውተሩ (ኃይሉን ለየካንዴላው በሚያከፋፍለው ዕቃ) ውስጥ ያለው ኮንታክት፣ የካንዴላ ገመዶቹና እምቅታው ሞተሩን ለማስነሳት የሚበቁ ናቸው ማለት ነው። የፈሰሰው ሲያልቅ መጥፋቱ ደግሞ ከሳልባትዮው (ከነዳጅ ማጠራቀሚያው) ተነስቶ ሞተሩ ጋ መድረስ የነበረበት ቤንዚን መንገድ ላይ መቅረቱን ያመለክታል። እንግዲህ ኮይል ቢገዙ ገንዘብዎን ከማውጣት በቀር የሚለወጥ ነገር የለም፤ ካርቡሬተሩም ቢሆን ጥፋተኛነቱ ገና አልተረጋገጠም።

ወደ ፍተሻው ከመግባትዎ በፊት ግን በካርቡሬተሩ አፍ ቤንዚን የማፍሰሱን ሥራ እንዲያቆሙ አጥብቄ አሳስብዎታለሁ። ሞተሩ በካርቡሬተሩ በኩል ወደ ላይ ቢተኩስ፣ ነበልባሉ የሚያገኘው ጠርሙስ ይዞ ያጎነበሰውን ሰው ፊት ነው። ሙከራውን መድገም ካስፈለገ በመርፌ መውጊያ ሲሪንጅ 5 ሚሊ ሊትር ያህል ብቻ ሰጥተው፣ የአየር ማጣሪያውን መልሰው ገጥመው፣ ጠርሙሱን ከመኪናው አርቀው ቁልፉን ያዙሩ። በግቢያችን ውስጥ ሌላም አደጋ አለ፤ የቤንዚን ትነት ከአየር ስለሚከብድ በመሬት ላይ እየተሳበ ይሄዳል፣ ጥቂት ሜትር ራቅ ብሎ ቡና የሚፈላበት የከሰል ማንደጃ ጋ ሲደርስ ደግሞ እሳቱን ይዞ ይመለሳል። በነዳጅ መስመር ላይ በሚሠሩበት ቀን በግቢው ውስጥ ከሰል አይቀጣጠል፤ የዱቄት እሳት ማጥፊያም እጅዎ በሚደርስበት ቦታ ይኑር። ቤንዚን ላይ የተነሳን እሳት ውኃ አያጠፋውም፤ ይበትነዋል እንጂ።

አሁን ወደ መንገዱ እንመለስ። በቮልስ ላይ ይህ መንገድ ረጅም ነው፤ 40 ሊትር ያህል የሚይዘው ሳልባትዮ ከፊት ኮፈን ሥር፣ ሞተሩ ደግሞ ከኋላ ነው። ቤንዚኑ ከሳልባትዮው ሥር በአጭር የጎማ ቱቦ ይወጣና በመኪናው ወለል መካከል ባለው ዋሻ ውስጥ በሚያልፍ ቀጭን የብረት ቧንቧ ወደ ኋላ ይሄዳል፤ ከካምቢዮው (ከማርሽ ሳጥኑ) አጠገብ እንደገና በጎማ ቱቦ ይቀጥልና ወደ ሞተሩ ክፍል ይገባል፤ እዚያ ፖምፓው ስቦ ወደ ካርቡሬተሩ ይገፋዋል። ፍለጋውን ከመጨረሻው ጫፍ ጀምረው ወደ ኋላ እየተመለሱ ያካሂዱ፤ በእያንዳንዱ መጋጠሚያ ላይ «ቤንዚኑ እዚህ ደርሷል?» ብለው በዓይንዎ አይተው ካላረጋገጡ ወደሚቀጥለው አይሂዱ።

በመጀመሪያ ወደ ኮይሉ የሚገባውንና 15 የሚል ምልክት ባለው ጥርስ ላይ የተሰካውን ሽቦ ነቅለው ጫፉን በፕላስተር ይጠቅልሉት፤ በዚህ ጊዜ ሞተሩ ቢዞርም ብልጭታ አይኖርም። ከዚያ ከፖምፓው ወደ ካርቡሬተሩ የሚሄደውን ቱቦ ከካርቡሬተሩ ላይ አውልቀው ጫፉን በንጹሕ ባዶ ሃይላንድ ውስጥ ያስገቡ። ሌላ ሰው ቁልፉን ለ10 ሰከንድ ያዙርልዎት። ፖምፓው ደህና ከሆነ ቤንዚኑ እንደ ልብ ምት እየቆረጠ፣ ግን ጠንከር ብሎ ይፈልቃል። የመጀመሪያው ሙከራ ባዶ ቢሆን አይደንግጡ፤ 6 ዓመት የደረቀ ፖምፓ ረጅሙን ቧንቧ አየሩን አስወጥቶ እስኪሞላው ድረስ ጊዜ ይፈልጋል። ሞተሪኖው እንዳይቃጠል በየ10 ሰከንዱ እያሳረፉ 4 ወይም 5 ጊዜ ይሞክሩ። በሃይላንዱ ውስጥ የተጠራቀመውን ቤንዚን ወደ ብርሃን አንስተው ይመልከቱት። ንጹሕ ቤንዚን ጥርት ያለ ነው፤ ያረጀው እንደ ሻይ ይቀላል፣ ሽታውም የቀለም ቫርኒሽን ይመስላል። ከሥሩ የሚንከባለል ጠብታ ካዩ ውኃ ነው፤ ቡናማ ደለል ከሆነ ደግሞ የሳልባትዮው ዝገት ነው።

ምንም ካልመጣ ከመኪናው ሥር ገብተው ከካምቢዮው አጠገብ ያለውን የጎማ ቱቦ ያውልቁ። ይህ ቦታ ከሳልባትዮው ዝቅ ያለ ስለሆነ ቤንዚኑ ያለ ፖምፓ በራሱ ክብደት መፍሰስ አለበት፤ ስለዚህ መቀበያ ዕቃና ቱቦውን ቆንጥጦ የሚይዝ ነገር አስቀድመው ያዘጋጁ። እዚህ በደንብ ከፈሰሰ ችግሩ ከዚህ ነጥብ በኋላ ነው፤ ማለትም ፖምፓው ወይም ወደ ፖምፓው የሚሄደው ቱቦ ነው። ካልፈሰሰ፣ ወይም ጠብ ጠብ ካለ፣ ከፊት ለፊት ወደ ሳልባትዮው ይሂዱ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልንገርዎ። ከዓመታት በፊት የራሴን የመጀመሪያ ቮልስ ሳድስ አንድ ጋራዥ በነገረኝ መሠረት ኮይል፣ ኮንታክትና ፖምፓ ቀይሬ ሦስት ሳምንት አጥፍቻለሁ። በመጨረሻ ሳልባትዮውን አውርጄ የመውጫውን ብሎን ስፈታ፣ የሽንኩርት ልጣጭ የሚያህል ስስ የዝገት ቅርፊት በመውጫው ወንፊት ላይ እንደ ክዳን ተለጥፎ አገኘሁ። ሞተሩ ቆሞ ሲቆይ ቅርፊቱ ይነሳና መኪናው ለአምስት ደቂቃ ይሠራል፤ ፖምፓው መሳብ ሲጀምር ደግሞ ተመልሶ ይለጠፍና ይጠፋል። በጣቴ አንስቼ ያየሁት ያ ቅርፊት ከሁሉ ዕቃ የረከሰ፣ ከሁሉ ደግሞ ያደከመኝ ነበር። ስለዚህ በእርስዎ መኪና ላይ ከሁሉ በፊት የምጠረጥረው ይህንን ወንፊት ነው፤ በነበረው ያረጀ ነዳጅ ላይ አዲስ ቤንዚን መጨመርዎ ደለሉን ቀስቅሶት ይሆናል።

ሳልባትዮው በአራት ብሎን የተያዘ ስለሆነ ለማውረድ ከባድ አይደለም። ነዳጁን ሲያስወጡ በአፍዎ አይሳቡ። ወደ ሳንባ የገባ ጥቂት ቤንዚን እንኳ ሆስፒታል የሚያስተኛ የሳንባ ቁስለት ያስከትላል፤ ቱቦውን አውልቆ ወደ ዕቃ ማንቆርቆር ይበቃል። ውስጡ የዛገ ከሆነ ስስ ሰንሰለት ወይም ትንንሽ ብሎኖች ከጥቂት ናፍጣ ጋር ጨምረው ይነቅንቁት፤ ከዚያም የወጣው ጥርት እስኪል ደጋግመው ይጠቡት። የተበሳ ከሆነ ግን ለብየዳ ለማንም አይስጡ። «ባዶ ነው» የተባለ ሳልባትዮ በትነት የተሞላ ስለሆነ የብየዳ እሳት ሲነካው ይፈነዳል፤ ይህን ሥራ በተለየ ዝግጅት የሚያከናውን ባለሙያ ካላገኙ ሌላ ሳልባትዮ መፈለግ ይሻላል።

ሳልባትዮው ከጸዳ በኋላ የጎማ ቱቦዎቹን በሙሉ ይቀይሩ፤ ይህን በምርጫነት አላቀርበውም። ቱቦውን በእጅዎ ሲያጥፉት ትንንሽ ስንጥቆች ከታዩ ጊዜው አልፏል። በተለይም በ2001 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ ቤንዚን ከ5 ከመቶ ኢታኖል ጋር መደባለቅ ተጀምሮ በኋላም ወደ 10 ከመቶ ከፍ ተደርጎ ስለነበር፣ ለንጹሕ ቤንዚን ብቻ የተሠሩ የዱሮ ጎማዎች በዚያ ዘመን ብዙ ተጎድተዋል። ወደ መለዋወጫ ገበያው ሶማሌ ተራ ሲሄዱ ለቤንዚን የተሠራ መሆኑ በላዩ የተጻፈበትን ቱቦ ይጠይቁ፤ የውኃ ቱቦ፣ የጋዝ ሲሊንደር ቱቦ ወይም ያ ውስጡ የሚያሳየው ፕላስቲክ አይሆንም። ጫፎቹን በሽቦ አይጠምጥሙ፣ በፋሼታ (በብሎን በሚጠብቅ የብረት ማሰሪያ) ይሰሩ። የብረት ቧንቧው ወደ ሞተሩ ክፍል በሚገባበት የላሜራ ቀዳዳ ላይ የጎማ ቀለበት መኖሩንም ይመልከቱ፤ ቀለበቱ ከሌለ ላሜራው ቧንቧውን ቀስ በቀስ እየፋቀ ይበሳዋል።

ስለ ማጣሪያም ልጨምር፤ ምክንያቱም ብዙ ቮልሶች በዚህ ምክንያት ተቃጥለዋል። ፊልትሮውን ከሞተሩ በላይ፣ በፖምፓውና በካርቡሬተሩ መካከል ባለው ቱቦ ላይ ማንጠልጠል በየመንደሩ የሚታይ አሠራር ነው። ቤንዚን የሚሞላ ፊልትሮ ይከብዳል፣ በሞተሩ ንቅናቄም ይወዛወዛል፤ በካርቡሬተሩ ላይ በግፊት ብቻ የተሰካችውን ትንሽ የነሐስ ቱቦ እየወዘወዘ ሊነቅላት ይችላል። ያን ጊዜ ፖምፓው ቤንዚኑን በቀጥታ በዲስትሪቢውተሩ ላይ ይረጨዋል። ፊልትሮውን ከመኪናው ሥር፣ ከካምቢዮው አጠገብ ወይም ከፊት ከሳልባትዮው ሥር ያድርጉት። የነሐሷን ቱቦም በፒንሳ ቀስ ብለው ይሞክሯት፤ ከተንቀሳቀሰች መጠገን አለባት።

ፖምፓው ራሱ የሞተ ከሆነና አዲስ የሚገዙ ከሆነ፣ ሻጩ «የቮልስ ነው» ስላለ ብቻ አይውሰዱ። ባትሪውን የሚሞላው ዕቃ ዲናሞ ለሆነበት ሞተርና ኦልተርኔተር ለሆነበት ሞተር የሚሆኑት ፖምፓዎች የተለያዩ ናቸው፤ ፖምፓውን ከሥር የሚገፋው ዘንግም በመጀመሪያው 108፣ በሁለተኛው 100 ሚሊ ሜትር ርዝመት አለው። ሁለቱ ከተቀላቀሉ ወይ ፖምፓው አይስብም፣ ወይ ውስጡ ይሰበራል። አሮጌውን ይዘው ሄደው ጎን ለጎን ማስተያየት ከማንኛውም የሻጭ ቃል ይበልጣል። ይህ መኪና እ.ኤ.አ. እስከ 2003 ድረስ ሜክሲኮ ውስጥ ሲመረት ስለቆየ፣ እድሜው ከሚያስገምተው በላይ መለዋወጫ ይገኝለታል።

በመጨረሻም፣ በሃይላንዱ ውስጥ ከመጀመሪያው ጀምሮ ቤንዚን በደንብ ከፈለቀ ጥፋቱ በካርቡሬተሩ ውስጥ ነው ማለት ነው፤ ይህም ይግዙት ማለት አይደለም። ክዳኑን የያዙትን አምስት ብሎኖች ፈትተው ይክፈቱት። የደረቀ ቤንዚን እንደ ማር የሚያጣብቅ ቡናማ ሙጫ ይተዋል፤ ይህ ሙጫ የቤንዚን መግቢያዋን መርፌ ተዘግታ እንዳለች አጣብቆ ይይዛታል፣ ጥቃቅኖቹን ቀዳዳዎችም ይደፍናል። በካርቡሬተር ማጽጃና በተጨመቀ አየር ይጽዳ፤ ቀዳዳዎቹን በሽቦ ወይም በመርፌ አይጎርጉሩ፣ ስፋታቸው በመቶኛ ሚሊ ሜትር የተለካ ነውና። የእርስዎ ሞዴል በካርቡሬተሩ ጎን ላይ በኤሌክትሪክ የሚሠራ የነዳጅ መዝጊያ አለው፤ ሞተሩ ጠፍቶ እያለ ቁልፉን ሲከፍቱ «ቀጭ» የሚል ድምፅ መስማት አለብዎት። ድምፁ ከሌለ መኪናው ነዳጅ ሲሰጡት ይሠራል፣ እግርዎን ሲያነሱ ግን ይጠፋል።

ሁሉም ከተስተካከለ በኋላ ቀዝቃዛውን ሞተር ሲያስነሱ የነዳጅ ፔዳሉን አንድ ጊዜ ብቻ እስከ መጨረሻው ረግጠው ይልቀቁት፤ ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ የሚገባውን አየር የሚቀንሰው የቾኩ ክዳን የሚዘጋው በዚህ ነው። ከዚያ እግርዎን አንስተው ቁልፉን ያዙሩ።

ጥያቄ፦ ደብረ ብርሃን እኖራለሁ። ከድሬዳዋ የመጣ ዲኤክስ ቶዮታ ኮሮላ ገዛሁ። እዚያ ሳየው በአንድ ቁልፍ ይነሳ ነበር። እዚህ ግን ጠዋት ጠዋት ከብዙ ትግል በኋላ ነው የሚነሳው፤ ጥቁር ጭስ ያጨሳል፣ ካንዴላዎቹ ጥላሸት ይመስላሉ። ሻጩ አታሎኝ ይሆን? (አንባቢ፣ ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ ከጻፉልኝ ምልክቶች ተነስቼ ሻጩን ለመጠርጠር የሚያበቃ ነገር አላየሁም። ድሬዳዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ያህል፣ ደብረ ብርሃን ደግሞ 2,800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ናቸው። የአየር ግፊቱ በባሕር ጠለል 100 ነው ብንል ድሬዳዋ ላይ 87 ገደማ፣ እርስዎ ጋ 71 ገደማ ይሆናል። ካርቡሬተር የአየሩን መሳሳት አያውቅም፤ ለቆላው አየር የተለካለትን ቤንዚን ደጋ ላይም ይሰጣል። አየሩ ቀንሶ ቤንዚኑ እንዳለ ሲቀር ድብልቁ ይወፍራል፤ ጥቁሩ ጭስና የጠቆሩት ካንዴላዎች ከዚህ የመጡ ናቸው።

ነገሩን የሚያወሳስበው የጠዋቱ ቅዝቃዜ ነው። ቀዝቃዛ ቤንዚን በቀላሉ ስለማይተን ሞተሩ ለመነሳት ቾክ ይፈልጋል፤ ግን ድብልቁ ቀድሞም የወፈረ ስለሆነ ጥቂት ትርፍ እንኳ ካንዴላዎቹን ያረጥባቸዋል። አይነሳም ሲሉ ፔዳሉን ደጋግመው ይረግጣሉ ብዬ እገምታለሁ፤ እያንዳንዱ እርግጫ ደግሞ ተጨማሪ ቤንዚን ይረጫል። ካንዴላ ነቅለው እርጥብ ካገኙት ቾኩን ይመልሱ፣ ፔዳሉን እስከ ወለሉ ረግጠው ሳያነሱ ይያዙት፣ ቁልፉን ከ10 ሰከንድ ላልበለጠ ጊዜ ያዙሩ፤ በሰፊው የሚገባው አየር ትርፉን ያስወጣዋል። ሞተሩ ሲነሳ ቀስ ብለው ይልቀቁ።

ለዘለቄታው በቅድሚያ የአየር ማጣሪያውን ይቀይሩ፤ በአቧራ የታፈነ ማጣሪያ ከፍታው የጀመረውን ያባብሳል። ቀጥሎ ማጣሪያውን አንስተው የቾኩን ክዳን ይመልከቱ፦ ገመዱ ሲሳብ ሙሉ በሙሉ መዘጋት፣ ሲመለስ ቀጥ ብሎ መቆም አለበት። ግማሽ መንገድ ላይ የሚቀር ክዳን ቀኑን ሙሉ በቾክ መንዳት ነው። ከዚያ ሞተሩ ሞቆ እያለ የድብልቁን ማስተካከያ ብሎን ቀስ እያሉ ወደ ውስጥ ያዙሩት፤ ሞተሩ ፍጥነቱ መውረድ ሲጀምር ትንሽ መልሰው በጣም ለስልሶ በሚሠራበት ላይ ይተውት። ያም ካልበቃ ካርቡሬተር የሚያውቅ ባለሙያ ዋናውን ጄት (ቤንዚኑ ተለክቶ የሚያልፍበትን ባለ ቀዳዳ ብሎን) በአንድ ወይም በሁለት ቁጥር ዝቅ ባለ ይቀይርልዎት፤ የእሳቱን ጊዜም በጥቂት ዲግሪ ቢያስቀድመው ስሱ አየር ይቀበለዋል። ነገር ግን አሮጌውን ጄት አይጣሉት። መኪናውን ወደ ቆላ ይዘው ረጅም ጉዞ ሲሄዱ ይህ ማስተካከያ ድብልቁን አለቅጥ ያሳሳዋል፤ ስስ ድብልቅ ደግሞ ጭስ ሳያሳይ ቫልቭ ያቃጥላል።

ጥያቄ፦ ታክሲ የነበረ ላዳ ገዝቼ እያደስኩ ነው። ጠዋት ወዲያው ይነሳል። ከተማ ውስጥ ነድቼ ለ15 ደቂቃ አቁሜ ስመለስ ግን አይነሳም፤ ከአንድ ሰዓት በኋላ ምንም እንዳልሆነ ይነሳል። ጋራዥ ስወስደው ቀዝቅዞ ስለሚደርስ ማንም ጥፋቱን አላገኘልኝም። (አንባቢ፣ ከአዳማ)

መልስ፦ ጥፋቱ የሚገኘው በሚታይበት ሰዓት ብቻ ስለሆነ መርማሪው እርስዎ ራስዎ መሆን አለብዎት። በመኪናው ውስጥ አንድ ትርፍ ካንዴላ፣ ፒንሳ፣ ጨርቅና አንድ ሃይላንድ ውኃ ይያዙ።

አልነሳ ሲልዎት መጀመሪያ ብልጭታውን ይዩ። ከአንዱ ካንዴላ ገመዱን አውልቀው ትርፉን ካንዴላ ይሰኩበት፤ የካንዴላውን ብረት ከካርቡሬተሩ ራቅ ባለ የሞተሩ ብረት ላይ አስነክተው፣ እጀታው በጎማ በተሸፈነ ፒንሳ ይዘው ቁልፉን ያስዙሩ። ሰማያዊና «ጠቅ ጠቅ» የሚል ብልጭታ ደህና ነው። ቀጭንና ብጫ ከሆነ ወይም ጨርሶ ከሌለ ሲሞቅ የሚደክም ኮይል ወይም በዲስትሪቢውተሩ ላይ ያለው ኮንዴንሰር ነው፤ ሁለቱም ሲቀዘቅዙ ያገግማሉ፣ ጋራዥ ሲደርሱ ጤነኛ የሚመስሉትም ለዚህ ነው።

ብልጭታው ጥሩ ከሆነ ቤንዚኑ ፈልቷል። ሞተሩ ሲጠፋ አየር የሚነፍስለት የለም፤ የሞተሩ ግለት ወደ ፖምፓውና ወደ ቱቦዎቹ ይወጣል፣ በውስጣቸው ያለው ቤንዚንም ወደ እንፋሎትነት ይለወጣል። ፖምፓ ፈሳሽ እንጂ እንፋሎት መግፋት አይሆንለትም። አዳማ ሙቀት አላት፤ ከፍታዋም ከ1,600 ሜትር በላይ ስለሆነ ቤንዚኑ ከባሕር ጠለል ባነሰ ሙቀት ይፈላል። ጨርቁን በውኃ አርሰው በፖምፓው ላይ ብቻ ያልብሱት፤ ዲስትሪቢውተሩን እንዳያርሱት ይጠንቀቁ። ከ3 ደቂቃ በኋላ በላዳ ፖምፓ ጎን ላይ ያለችውን የእጅ መግፊያ ዘንግ ደጋግመው ይጫኑና ያስነሱት። ከተነሳ መልሱን አግኝተዋል። መፍትሔውም በፖምፓውና በሞተሩ መካከል ያለውን ሙቀት የሚከለክል ወፍራም ማገጃ መኖሩን ማረጋገጥ፣ የነዳጅ ቱቦውንም የጭስ ማውጫው ብረት ከሚያግለው ቦታ ማራቅ ነው።

ብልጭታው ጥሩ ሆኖ ኃይለኛ የቤንዚን ሽታ ካለ ደግሞ ነዳጁ የፈላው በካርቡሬተሩ ውስጥ ነው፤ ሞልቶ ወደ ሞተሩ ፈስሷል። ለደብረ ብርሃኑ አንባቢ እንደገለጽኩት ፔዳሉን እስከ ወለሉ ረግጠው ያስነሱት።

ጥያቄ፦ የቮልሴን የካንዴላ ገመዶች በሙሉ ነቅዬ አዲስ ገጠምኩ። ከዚያ ወዲህ አይነሳም፤ በካርቡሬተሩ በኩል ይተኩሳል። (አንባቢ፣ ከሐዋሳ)

መልስ፦ ገመዶቹ ተቀላቅለዋል። አብዛኞቹ ባለ አራት ሲሊንደር መኪኖች የሚተኩሱት በ1፣ 3፣ 4፣ 2 ቅደም ተከተል ስለሆነ ቮልስ የማያውቅ ሰው በዚያ ይገጥመዋል፤ የቮልስ ቅደም ተከተል ግን 1፣ 4፣ 3፣ 2 ነው። ከኋላ ቆመው ወደ መኪናው ፊት ሲመለከቱ በቀኝ በኩል የፊተኛው 1፣ የኋለኛው 2፣ በግራ በኩል የፊተኛው 3፣ የኋለኛው 4 ነው። የዲስትሪቢውተሩን ክዳን አንስተው በከንፈሩ ላይ ያለችውን ትንሽ ጭረት ይፈልጉ፤ በእሷ አቅጣጫ ያለው የክዳኑ ቀዳዳ የ1 ነው። ከዚያ ጀምረው በሰዓት አቆጣጠር አቅጣጫ 4፣ 3፣ 2 እያሉ ይሰኩ። ሌላ ጊዜ አንዱን ነቅለው አንዱን በመተካት ይሥሩ።

ጥያቄ፦ ቁልፉን ስከፍት «ቀጭ» ይልና ዝም ይላል። ባትሪው አዲስ ነው። ሞተሪኖ ልቀይር? (አንባቢ፣ ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ሞተሪኖውን ከመንካትዎ በፊት በቴስተር ይለኩ። ያረፈና ሙሉ የሆነ ባትሪ 12.6 ቮልት ያህል ያሳያል፤ ወደ 12 ከወረደ አዲስ ቢሆንም ባዶ ነው፣ ቻርጅ ይደረግ። ባትሪው ደህና ከሆነ የቴስተሩን አንድ ጫፍ በባትሪው ፖል ላይ፣ ሌላውን ፖሉን ባቀፈው የገመድ ራስ ላይ አድርገው ቁልፉን ያስዙሩ። ንባቡ ወደ ዜሮ የቀረበ መሆን አለበት፤ ከግማሽ ቮልት ካለፈ ኃይሉ በዚያች የዝገት ሽፋን ላይ እየቀረ ነው። ሁለቱንም ራሶች ፈትተው ብረቱ እስኪያበራ በብርጭቆ ወረቀት ይጥረጉ። ቀጥሎ አንዱን ጫፍ በባትሪው ኔጋቲቭ፣ ሌላውን በሞተሩ ብረት ላይ አድርገው ያንኑ ይድገሙ። እዚህ ከፍ ያለ ንባብ ካገኙ ሞተሩን ከአካሉ ጋር የሚያገናኘው የተጠለፈ የመዳብ ገመድ ዝጓል ወይም ተበጥሷል፤ በቮልስ ላይ ይህ ገመድ ከካምቢዮው ፊት ሥር ስለሚገኝ በጭቃ ተሸፍኖ ሳይታይ ይኖራል። ሁለቱም ንባቦች ደህና ከሆኑ ብቻ ሞተሪኖውን አውርደው ለኤሌትሪሺያን ይስጡ።